ከእኔ ነው የመጣበት

የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ በምንሰፋበት ክፍል ውስጥ ከእኔ ቀጥላ የተተከለችው የስፌት መኪና የእሷ ነበረች። መኪኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሱ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ የእሷ ሳቅ ግን ሁሉን አልፎ ይሰማ ነበር። በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ሳቂታዋ» ነበር የምንላት። መርፌ ጣቷን ሲወጋት እንኳ መጀመሪያ ስቃ ነው ኋላ «ወይኔ!» የምትለው። አለቃችን ሊቆጣት መጥቶ ራሱ እየሳቀ የተመለሰው አንዴ ሁለቴ አይደለም።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሰላም ሲል እንኳ ቃል የሚቆጥብ ሰው። «ከዚህ ዝምተኛ ጋር እንዴት ተጋባችሁ?» ስንላት፣ «የሱን ድርሻ እኔ አወራለታለሁ፣ የእኔን ድርሻ እሱ ዝም ይልልኛል» ትለን ነበር። መጀመሪያ ሴት ልጅ ወለዱ። ከዓመታት በኋላ ወንድ ተከተለ።

ወንዱ ልጅ መራመድ የጀመረው ዘግይቶ ነው። «ወንድ ልጅ ሰነፍ ነው» ተባለና ታለፈ። አራት ዓመት ሲሞላው ባቶቹ ወፍረውና ጠንክረው ያየ ሁሉ ይገረምባቸው ነበር። አባትየው አንድ ቀን ሚስቱን ሊወስድ መጥቶ፣ ልጁን በር ላይ አቁሞ፣ «ይሄን እግር እዩልኝ፤ የኳስ ተጫዋች እግር አይደለም?» አለን። ያ ሰው ሲፎክር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ኳስ ገዛለት።

ልጁ ግን ኳሷን ተከትሎ ሁለት እርምጃ ሳይሮጥ ይወድቃል። ሲነሳ ደግሞ አነሳሱ ለብቻው ነበር። መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆናል፤ ቀጥሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያም ጭኑ ላይ እያደረገ፣ የራሱን ገላ እንደ መሰላል እየወጣ ነው የሚቆመው። እህቱ «ሽማግሌው ተነሳ!» ብላ ትስቃለች፤ እሱም አብሯት ይስቃል። እናቱ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ይህን አየችና ባልዲውን ይዛ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሳቂታዋ አልሳቀችም። ምክንያቱን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሟ ልክ እንደዚያ ነበር የሚነሳው።

ያንን ወንድሟን ቤተሰቡ «ሰነፉ» ይለው ነበር። ውሃ ቅዳ ሲሉት ይዘገያል፤ ደረጃ ውጣ ሲሉት ግድግዳ ይደገፋል። አባታቸው «ተነስ እንጂ፣ አንተ ለጋሚ!» እያለ በቀበቶ ይገርፈው ነበር። ኋላ መነሳቱንም ተወው፤ ገና ጢሙ ሳያበቅል ሞተ። እናታቸው ፎቶውን ከግድግዳው አወረደች፤ ስሙም በዚያ ቤት ዳግመኛ አልተነሳም። ሳቂታዋ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። አንዴ «ወንድሜ ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ብላ ብትጠይቅ እናቷ አፏን በመዳፏ አፈነቻት። በቃ፣ ትምህርቷ ያ ነበር።

ልጁን ሆስፒታል ወሰዱት። ደሙ ተመረመረ፤ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ነገራቸው። «የልጁ ጡንቻ ቀስ በቀስ እየደከመ የሚሄድበት በሽታ ነው። መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ እጁ፣ እያደር ደግሞ ልቡና መተንፈሻው። የሚያዘገየው መድኃኒት እንሰጠዋለን፤ የሚያድነው ግን እስካሁን አልተገኘም።» አባትየው፣ «እግሩ እኮ ወፍራም ነው» አለ፤ ልክ ሐኪሙ ያላየው ነገር ያለ ይመስል። ሐኪሙም ውፍረቱ ራሱ የበሽታው ምልክት መሆኑን በቀስታ አስረዳው። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እናቱ፣ በእርስዎ ወገን በልጅነቱ እግሩ የደከመ ወንድ ዘመድ ነበር?» አላት።

«የለም» አለች።

«ብዙ ጊዜ እናቲቱ ራሷ ሳትታመም ለወንድ ልጇ የምታስተላልፈው ነው። ጥፋተኛ የለበትም። የሚጠየቀው ለሌሎቹ ልጆች እንዲታወቅ ብቻ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «እናቲቱ» የሚለው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሥራ ገባች። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ እያጠረ፣ እየራቀ ሄደ እንጂ። እኛ ስንጠይቃት «ደህና ነው፣ ሕክምና ጀምሯል» ትላለች። እውነቱን ያወቅነው ልጁ ደረጃ መውጣት ሲያቅተውና ቤት መቀየር ግድ ሲሆንባቸው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነበሩ፤ አባትየው ልጁን ጠዋት አዝሎ ያወርዳል፣ ማታ አዝሎ ያወጣል። ልጁ ሲከብድ ወገቡ እምቢ አለ። ምድር ቤት ወረዱ፤ ፀሐይ የማይገባበት፣ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር አፍ ለአፍ የገጠመ ቤት።

ልጁ ግን እንደ እናቱ ነገር የሚያቀል ፍጥረት ነበር። መሮጥ ሲያቅተው ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሜዳው ዳር ቁጭ አለ። ልጆቹ ሲጣሉ እሱ ይፈርዳል፤ የፈረደውን የሚሽር የለም። «ዳኛው» የሚለው ስም ያኔ ወጣለት። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ፣ «እስከ ዛሬ ቆሜ ነበር የምፈርደው፤ ዳኛ ተቀምጦ ሲፈርድ ነው የሚያምርበት» አለ።

ሱሪዎቹን እናቱ ናት የምትሰፋለት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሱሪ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ አለበለዚያ ወገቡን ብርድ ይመታዋል። የኋላ ኪስ አይደረግለትም፤ ስፌቱ ገላውን ያቆስላል። በምሳ ሰዓት የእሱን ስትሰፋ ሁላችንም ድምፃችንን እንቀንስ ነበር። አንድ ቀን እኔ ቂሏ፣ «መቼም እንዳንቺ ጠንካራ ሴት አላየሁም» አልኳት። መኪናዋን አቁማ አየችኝ።

«ጠንካራ ነሽ ሲሉኝ በር የሚዘጉብኝ ይመስለኛል» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ?»

ቤታቸው ውስጥ ሦስት ዓይነት ዝምታ ነበር። አባት ተጨማሪ ፈረቃ እየወሰደ ይሸሻል። እናት ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች። ታላቅ እህቱ ከትምህርቷ ስትመለስ ማን ምን እንደሆነ አትጠይቅም። ሰላም በሚመስል ነገር ውስጥ ሁሉም ለየብቻው ያልቅ ነበር።

ዳኛው የእጅና የእግር ማፍታቻ ሕክምና በሚያደርግበት ጤና ጣቢያ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች፤ አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን ቤተሰቦች ቅዳሜ ከሰዓት መሰብሰብ ጀመረች። የሚሰበሰቡት ፍራሾቹ ግድግዳ ላይ ተደግፈው በሚቀመጡበት በዚያው የማፍታቻ ክፍል ነው፤ ወንበሮቹን በክብ ትደረድራለች፣ አንድ ማሰሮ ውሃና ብርጭቆዎች ታስቀምጣለች፣ በቃ። ሳቂታዋ አልሄድም አለች። «የቤቴን ጉድ ለማን ነው የማወራው?» እንድትሄድ ያደረጋት ልጇ ነው። «እማ፣ ለእኔ ስትይ ሂጂ። አንቺ ስትሄጂ እኔም ለትንሽ ሰዓት የሚጠብቀኝ ዓይን ያርፍልኛል» አላት። ቅዳሜ ሲደርስ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ብዙ ቅዳሜ ሄዳ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሌሎቹ ሲናገሩ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ታዳምጣለች። አንድ ሽማግሌ አባት ነበሩ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በዚሁ በሽታ የተያዙ። ትልቁን ቀብረው ትንሹን ይዘው ነው የሚመጡት። አንድ ቀን እሳቸው፣ «እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ትልቁ ሲወድቅ ‘ተጠንቀቅ እንጂ!’ ብዬ የተቆጣሁት ነው» ብለው ሲናገሩ የሳቂታዋ ቦርሳ ከጉልበቷ ወደቀ።

ባለሙያዋ ሁሉንም «እርስዎ» ነበር የምትላቸው አለችኝ ሳቂታዋ፤ ያን ቀን ግን ወንበሯን አስጠግታ፣ «አንቺ ልበልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «በይኝ» አለች።

«አንቺስ? ለራስሽ ምን ትያታለሽ?»

«ከእኔ ነው የመጣበት» አለች። «ወንድሜም እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። አውቄ ዝም አልኩ። ሐኪሙን ‘የለም’ አልኩት። ባሌ አያውቅም። በእጄ እያጎረስኩ በደሜ ገደልኩት።»

ባለሙያዋ «አይዞሽ» አላለቻትም። «ጥፋትሽ አይደለም» ለማለትም አልቸኮለችም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ተሸክመሽው ነው የመጣሽው?» ብቻ አለቻት። ሳቂታዋ ተንሰቀሰቀች። ሽማግሌው መሀረባቸውን ሰጧት፤ አፍንጫዋን ስታብስበት፣ «ግድ የለም፣ ታጥቦ ነው የመጣው» አሏት። ሁሉም እንባ በእንባ ሆነው ሳቁ አለችኝ። እኔ ያን ክፍል አላየሁትም፤ እሷ እንደነገረችኝ ነው።

ለባሏ ግን መንገር አልቻለችም። «ይጠላኛል» እያለች ሳምንት በሳምንት ላይ ታሳልፋለች። በዚህ መሃል የባሏ ነገር መጣ።

ቀን ነው፤ አውቶቡሱ ሞልቷል። ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰው ሲያሳፍር ከቆየ በኋላ በሩን ሊዘጋ ሲል አንድ ጎረምሳ ከመንገዱ ማዶ ሲሮጥ አየው። የዳኛው እኩያ ነው። ልጁ መኪኖቹን አልፎ፣ ደረጃዋን በአንድ ዝላይ ወጥቶ፣ «አመሰግናለሁ አባት!» ብሎት ገባ። ሹፌሩ በሩን ዘጋ። ከዚያ እጁን መሪው ላይ ጭኖ ቀረ። ሞተሩ ይሠራል፤ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። ከኋላ መኪና ጡሩንባውን ያስጮኻል፤ ተሳፋሪው «ሰውዬ፣ ተኛህ እንዴ?» ይላል። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው፣ «ምን ሆንክ ልጄ?» ቢሉት «ልጄ...» አለ። እንባው በተቆለፈው ኮሌታው ላይ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ሌላ ሹፌር ተጠርቶ አውቶቡሱን ወሰደ።

እሱ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ እኛ መጣ። ከዚያ በፊት በሩን አልፎ አያውቅም ነበር። በደንብ ልብሱ፣ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ፣ በመኪኖቹ መሃል እየተደናቀፈ እሷ ጋ ደረሰ። አንድ በአንድ መኪኖቻችንን አጠፋን። አለቃችን ፊቱን ወደ ጨርቁ ጥቅል አዞረ።

«መንዳት አቃተኝ» አላት።

የያዘችውን እጅጌ ጣለችና ተነሳች። ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ እዚያው፣ በእኛ ፊት፣ «ስማኝ፣ ከእኔ ነው የመጣበት» አለችው። «ወንድሜ ነበረው። ደብቄህ ነው።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «ሐኪሙ ‘ከእናት’ ሲል እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ» አላት። «ያን ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እንዳይከፋሽ ነዋ! አንቺስ?»

«እንዳትጠላኝ።»

እንዲያ ቆመው ተያዩ። ያን ሁሉ ዓመት አንዱ ለአንዱ ብሎ በዘጋው አፍ ሁለቱም ሲታፈኑ ኖረዋል። ራሷን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ እሱም ኮፍያውን እንደጨበጠ ጀርባዋን ያዛት። ከእኛ ውስጥ ያላለቀሰ የለም። እኔ መቀሴን አንስቼ የማይቆረጥ ነገር ስቆርጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት አራቱም አብረው መሄድ ጀመሩ። አባትየው መጀመሪያ ቀን የተናገረው «ሹፌር ነኝ» ብሎ ብቻ ነው። በሌላው ቅዳሜ ግን ዳኛው ራሱ ተናገረ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እጁን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ማንሳት አቅቶታል፣ ድምፁም ሳስቷል።

«እኔ እናንተን ማጽናናት ደክሞኛል» አለ። «አባ ሲገባ ደህና መስዬ እጠብቀዋለሁ። እማ እንድታለቅስ ብዬ የተኛሁ እመስላለሁ። እህቴ ስለ ጓደኞቿ እንኳ አታወራኝም፤ እኔ የማልሄድበትን ቦታ ላለማንሳት። የምሞተው እኔ ነኝ፤ ስለ እሱ ማውራት የተከለከልኩትም እኔው ነኝ።»

እናቱ «ተው፣ እንዲህ አትበል!» ብላ ተነሳች። ባለሙያዋ ክንዷን ይዛ፣ «ይናገር» አለቻት። ተናገረ። ትንፋሹ ሲያንቀው እንደሚፈራ፣ ሞቱን ከሚፈራው ይልቅ ከእሱ በኋላ ቤቱ ዝም እንዳይል እንደሚፈራ ነገራቸው። ወደ እናቱ አየና ደግሞ፣ «ፊሽካ መንፋት አቅቶኛል እንጂ መፍረድ አላቃተኝም። ጥፋት የለም ብያለሁ» አላት።

«ዳኛም ይሳሳታል» አለችው፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት በዚያ ቤት የተወራበት ዓመት ነው። አባትየው ሲመለስ የተሳፋሪውን ሁሉ ወሬ ለልጁ ይተርክለታል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን መውረጃውን እንደረሳ። ዝምተኛው ሰው ወሬኛ ወጣው። እህቱ የምትወደውን ሰው መጀመሪያ የነገረችው ለወንድሟ ነው፤ እሱም «አምጪውና ልየው፣ ቢጫ ካርድ ካለበት እነግርሻለሁ» አላት። በሽታው ግን ለወሬ አያቆምም። ማንኪያ መያዝ ተወ፤ ቀጥሎ አንገቱ ደከመ፤ ቀጥሎ ሐኪሞቹ ስለ ልቡ ማውራት ጀመሩ።

የሞተው በዝናብ ወራት፣ ጉንፋን ደረቱ ላይ ወርዶበት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቱ ሾርባ አብርዳ ሁለት ማንኪያ ሰጥታዋለች። «በጎኔ አዙሪኝ» አላት፤ አዞረችው። ትራሱን ከጉልበቱ መሃል አስገባችለት። «እሺ፣ እንዲህ ይሻላል» አለ። ሳህኑን አስቀምጣ ስትመለስ አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ሥራ ስትገባ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ለዓመታት የቀኗ እያንዳንዱ ሰዓት በእሱ ገላ የተከፋፈለ ነበር፤ ማዞሪያው፣ ማጠቢያው፣ ማጉረሻው። አሁን ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጇ ብቻውን ይነሳና ባዶውን ይመለሳል። ቅዳሜም መሄድ አቆመች። ባሏ ብቻውን ይሄዳል። እኔ «ሂጂ እንጂ» ብላት፣ «የሚያስታምመው ልጅ የሌለው ሰው እዚያ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ባለሙያዋ ቤቷ ድረስ መጥታ አብራት ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ምንም ሳይነጋገሩ ሰዓቱ ያልፋል። «አዳነችሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር አንዴ። «አላዳነችኝም» አለችኝ። «አልተወችኝም እንጂ።»

በዓመቱ ልጇ፣ ማለትም ታላቂቱ፣ ልታገባ ነበር። አንድ እሁድ እናቷ ጋ መጥታ፣ «እማ፣ መመርመር እፈልጋለሁ። በእኔም ውስጥ እንዳለ ማወቅ አለብኝ። አብረሽኝ ሂጂ» አለቻት። ሳቂታዋ የእናቷን መዳፍ አፏ ላይ እንደገና ተሰማት። ግን ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ስለ አጎቷ ነገረቻት። ሰነፍ እንዳልነበረ፣ የሰውን አነጋገር እያስመሰለ ሁሉን ያስቅ እንደነበር፣ በቀበቶ ሲገረፍ ወዴት እንደሚመለከት፣ ሁሉን። ሲመሽ ባሏ መብራት አብርቶ አብሯቸው ተቀመጠ።

ደም ሰጥታ፣ ብዙ ጠብቀው፣ ውጤቱን ሊሰሙ ሁለቱ ሄዱ። አለባት። ወንድ ከወለደች እንደ ወንድሟ የመሆኑ ዕድል እኩል በእኩል እንደሆነ ሐኪሟ ነገረቻት፤ አስቀድሞ የሚደረግ ምርመራ እንዳለም፣ ጊዜ ወስዳ ማሰብ እንደምትችልም ጨመረችላት። ልጅቱ «እሺ፣ እሺ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እናቷ ደግፋ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። «አይዞሽ» ልትላት ፈልጋ ተወችው። «እኔም እዚህ ቦታ ላይ ነበርኩ» ብቻ አለቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጥላ ጠየቀቻት።

«እማ፣ ቀድመሽ ብታውቂ ኖሮ፣ ትወልጂው ነበር?»

ለእኔ ስትነግረኝ እዚህ ላይ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ብዙ መልስ መጣልኝ አለች። አንዱ ለልጄ ጥሩ ነበር፣ አንዱ ለሟቹ፣ አንዱ ለእኔ። ግን በዚያ ቤት ውሸት እንደገና እንዲጀመር አልፈለገችም።

«አላውቅም ልጄ» አለቻት። «ሲያንቀው ያየሁበትን ቀን ሳስብ አልወልደውም። ሲስቅ የሰማሁበትን ቀን ሳስብ... አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች ልጅቱ፤ ተያይዘው አለቀሱ። ተሳፋሪው ወጣ፣ ገባ፤ የሚወርዱበትም ፌርማታ አለፈ፤ አላዩትም። አውቶቡሱ ባዶውን ሲቀር ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷቸው፣ «እናቴ፣ የመጨረሻው ነው፤ ይውረዱ» አላቸው። ወረዱ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተመለሱት።